«አባትሽ ደህና ነው»

ቴሌቪዥናችን የተበላሸው በዕንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ተበላሸ ያለኝ ባለቤቴ ነው፤ እኔ ግን መኝታ ቤት ተኝቼ ሶኬቱን ሲነቅል ሰምቼዋለሁ። ቀጥሎ ሞባይሌ ጠፋ። ከዚያ የላፕቶፔ ቻርጀር። በአንድ ቀን ይህን ያህል ዕቃ የሚጠፋበትና የሚበላሽበት ቤት ወይ ሌባ ገብቶበታል፣ ወይ ሐበሻ አንድ ነገር እየደበቀበት ነው።

«ሶ፣ ኬብሉ ዳውን ሆኗል» አለኝ ባለቤቴ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ካምፓኒውን ኮል አድርጌያለሁ። ሰው እንልካለን ብለዋል።»

«መቼ?»

«ማለቴ... በቅርቡ።»

ደግ ሰው ነው፤ ውሸት ግን አይችልበትም። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል።

ያኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሆዴ ገፍቷል። ደም ግፊቴ ስላስቸገረ ሐኪሜ ከሥራ አስቀርታ፣ በግራ ጎኔ እንድተኛና እንዳልጨነቅ አዝዛኛለች። «እንዳትጨነቂ» የሚባል ትእዛዝ እኛ ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ሐኪሟ አታውቅም። እናቴ እኔን ልትጠብቅ ከሂውስተን ወደ ሰሜን የግማሽ ቀን መንገድ በአውቶቡስ መጥታ፣ ቤድፎርድ ያለው ጠባብ አፓርታማችን ውስጥ ሶፋው ላይ ትተኛለች። አባቴ ታክሲውን ትቶ መምጣት አልሆነለትም፤ ልጁ ሲወለድ እመጣለሁ ብሎ ሂውስተን ቀርቷል። ባለቤቴ ሌዊስቪል አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። እንግዲህ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ነን፤ ሁለቱ ይዋሻሉ፣ አንዷ ተኝታ ትሰማለች።

በኛ ቤት ክፉ ወሬ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ጊዜ ይጠበቅለታል። ልጅ ሆኜ፣ ሁላችንም ሂውስተን እያለን፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ ሞቶ እሷ ሳትሰማ ብዙ ሰነበተች። ስትደውል «ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ደህና ነው» ይሏታል። አንድ ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ በራችን በቀስታ ተንኳኳ። ከአልጋዬ ወርጄ ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ጫማ ነው፤ በሩ ሥር የተደረደረ የትልልቅ ሰዎች ጫማ። የመጡት ሰዎች ሻይ አንፈልግም አሉ። ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ ሲያደርጉ፣ አንድ ቃል ሳይወጣቸው እናቴ ጮኸች። ጩኸቷ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከታች ፎቅ የነበረችው አሜሪካዊት ሰው እየተገደለ መስሏት ፖሊስ ጠርታ ነበር።

መርዶ ማለት እንዲህ ነው። ማለዳ ይመጣሉ፣ ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ሐዘንተኛው ሥራ ሳይወጣ፣ ብቻውን ሆኖ በስልክ እንዳይሰማው ብለው። ደግነቱ ይገባኛል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «ደህና ነው» የሚለውን ነገር አምኜው አላውቅም። ለነፍሰ ጡርማ ጭራሽ አይነገርም። ወልዳ፣ ጠንክራ፣ ልጇን ታቅፋ እስክትወጣ ድረስ አገር ምድሩ አብሮ ይዋሻል።

ነገሩን ግን አውቀዋለሁ። ቴሌቪዥኑ «ሳይሞት» በፊት አንድ አውሎ ነፋስ ኩባን አልፎ ከሂውስተን በታች ያለው ባሕረ ሰላጤ ውስጥ መግባቱን ሰምቼ ነበር። አጭር የወንድ ስም አውጥተውለታል፣ የጎረቤት ልጅ የሚጠራበት ዓይነት። ደግሞ የአፓርታማ ግድግዳ ወረቀት ነው። ከአልጋዬ ራስጌ ማዶ የሚኖረው ጎረቤት ቀኑን ሙሉ የአየር ትንበያ ይከፍታል፤ ቃሉ አይለይም፣ የሰውየው ድምፅ ግን እየፈጠነ ሲሄድ ይሰማኛል። የአየር ሁኔታ የሚያወራ ሰው መፍጠን ሲጀምር እኔ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

በረንዳችን ደግሞ ሃይዌዩን ያያል። አየር ልቀበል ብዬ ስወጣ፣ ጣራቸው ላይ ፍራሽ የታሰረባቸው፣ ከኋላ ቀይ የቤንዚን ጀሪካን የጫኑ መኪናዎች ከደቡብ ሲመጡ አየሁ። ከሃይዌዩ ማዶ ያለው ሞቴል፣ ሁልጊዜ ባዶ የሚውለው፣ ፓርኪንጉ ሞልቷል። ሰዎች ውሻ እየያዙ ሣሩ ላይ ይመላለሳሉ። አንዲት አሮጊት በሌሊት ልብሷ የሽቦ የወፍ ቤት ይዛ ቆማለች፤ ወፉ ውስጥ አለ። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና አልነበረም። ፀሐይዋ ልክ እንደማንኛውም መስከረም ታቃጥላለች። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

ገብቼ እናቴን ጠየቅኳት። ኩሽና ቆማ የሚጠጣ አጥሚት ታማስላለች።

«እማዬ፣ ሃሪኬን እየመጣ ነው አይደል?»

«የት አገር?»

«እማዬ፣ ፕሊስ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል።» ማንኪያውን ሁለት ጊዜ ድስቱ ጫፍ ላይ መታ መታ አደረገች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «አባትሽ ደህና ነው» አለችኝ።

ስለ አባቴ አልጠየቅኳትም ነበር።

ሂውስተንን አውቀዋለሁ። ያደግኩበት ከተማ ነው። ዝናብ ሲዘንብ የትኛው መንገድ ቀድሞ እንደሚዋጥ፣ በየትኛው ድልድይ ሥር መኪና ተንሳፍፎ እንደሚያድር፣ ቤታችን አጠገብ ያለው ጭቃማ ወንዝ ሲሞላ በመጀመሪያ ምን ዓይነት ሽታ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ተራ ዝናብ እንኳን ከተማውን ለግማሽ ቀን ይቆልፈዋል። ባሕሩንም አውቀዋለሁ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አባቴ በታክሲው ጋልቨስተን ይወስደናል። ደሴት ነው፤ የሚወስደው ረጅሙ ድልድይ ላይ ስንወጣ መስኮቱን ያወርድና «ተንፍሱ!» ይለናል። የጋልቨስተን ባሕር ሰማያዊ አይደለም፤ ቡናማ ነው፣ የእግር ውሃ ይመስላል። እኔና አባቴ እንገባበታለን። እናቴ የባሕሩ ግንብ ላይ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ መኪናው አድርጋ ትቀመጣለች። «ውሃ እንደዚህ ሲበዛ አላምነውም» ትል ነበር። እንስቅባታለን።

አባቴ ለምን እንደማይሸሽም አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ አውሎ ነፋስ መጣ ሲባል የሂውስተን ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ። እናቴና አባቴም ወጡ። መንገዱ ቆመ። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ በዚያ ሙቀት፣ ቤንዚን እንዳያልቅ ኤሲውን አጥፍተው፣ ከቤታቸው ብዙም ሳይርቁ ቀሩ። በየመንገዱ ዳር መኪና ቆሞ፣ ሰው ራሱን ስቶ ወድቆ አዩ። አውሎ ነፋሱ ግን አቅጣጫውን ቀይሮ ሌላ ቦታ ወረደ። አባቴ ያን ዕለት መሐላ ገባ። «ከእንግዲህ ከሞትኩ አልጋዬ ላይ ልሙት እንጂ መንገድ ላይ አልጠበስም» አለ። እሱ ደግሞ አንዴ ካለ አለ ነው።

እኔ በዚያው ጊዜ የቤት ኢንሹራንስ ቢሮ ገብቼ ስልክ መቀበል ጀምሬ ነበር። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ይደውላሉ። መጀመሪያ ስለ ጣራ ያወራሉ፣ ስለ ምንጣፍ ያወራሉ። ከዚያ ድንገት ዝም ይሉና «ውሃው ማታ ነው የገባው» ይላሉ። ንፋስ የሚያስፈራው የማያውቀውን ሰው ነው። የሚገድለው ውሃ ነው። ተኝቼ ኮርኒሱን እያየሁ የማስበው ይህን ነበር።

ዓርብ ዕለት እናቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች፣ የቧንቧውንም ውሃ ለቀቀች። ስልክ መደበቂያ መሆኑ ነው። ሰው የውሃ ድምፅ ሲሰማ ጆሮው የሚደፈን ይመስላታል። እየተጎተትኩ ተነሥቼ በሩ ሥር ቆምኩ።

«ለምን ወረድክ?» ትላለች። «ሰውዬው ራሳቸው ሰው ይወስደኛል አላሉም?... የማን ሰው?... በል እሺ፣ ይዘሃቸው ቶሎ ውጣ። ውሃው መንገድ ላይ ወጥቷል ነው የምትለኝ?... ድልድዩን ሳይዘጉት ውጣ።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ለሷማ እንዴት ብዬ ልንገራት!»

ሰውዬው ማን እንደሆኑ ወዲያው ገባኝ። ጋልቨስተን የሚኖሩ የአባቴ ወዳጅ አሉ፤ ከሱ የሚበልጡ፣ ብቸኛ ሽማግሌ፣ አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠሩ። መኪና የላቸውም። ኋላ እንደተነገረን፣ ደሴቱን ልቀቁ ሲባል የደወለላቸውን ሐበሻ ሁሉ «አትቸገሩ፣ ሰው ይወስደኛል» ብለዋል። የሚወስዳቸው ሰው አልነበረም። ይሉኝታ ነው። ሰው ከማስቸገር ባሕር ውስጥ ተቀምጦ መቅረት ይሻላቸዋል። አባቴ ማን እንደሚወስዳቸው አንዱን ሲጠይቅ፣ አንዱ ወደ ሌላው ሲመራው፣ በመጨረሻ ማንም እንደሌለ ገብቶት፣ ለራሱ ያልሸሸው ሰውዬ ለሳቸው ወደ ባሕሩ ወርዷል። በዚያች ቅጽበት ሁለቱንም ጠላኋቸው። ሽማግሌውንም አባቴንም። በጣም ስለምወደው ነው የጠላሁት፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

እናቴ ስትወጣ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ፊቷን ታጥባለች፣ ፈገግ ብላለች። የደም ግፊት መለኪያውን ይዛ መጣች። እንግሊዝኛ ብዙም አታነብም፣ ያቺን ማሽን ግን ከሐኪሟ እኩል ታነባለች። ክንዴን ጠቀለለችና ቁልፉን ተጫነች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በቀስታ መተንፈስ ጀመርኩ፤ ምንም እንዳልሰማሁ ልቤን ለማሳመን። ማሽኗ ግን አትዋሽልኝም። ቁጥሩ ወጣ። እናቴ ቁጥሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ምን አስበሽ ነው?»

«ምንም። ሕልም አየሁ።»

«ምን ዓይነት ሕልም?»

«ረሳሁት።»

ክንዴን ፈታችው። ያወቅኩ መሆኔን ጠረጠረች ብዬ ፈራሁ። ብነግራት አብረን እንፈራለን፣ አብረን እናለቅሳለን፤ ይህ ይቀለን ነበር። ነገር ግን እኔን መጠበቅ ነው እሷን ያቆማት። ያን ብወስድባት ምን ይዛ ትቆማለች? ስለዚህ ዝም አልኩ። ውሸት ከቤተሰቤ ነው የተማርኩት፣ ደህና አድርገው አስተምረውኛል።

ከዚያ በኋላ ስልኩ አልጠራም። ሲመሻሽ እናቴ ሦስቴ አራቴ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃው ይፈስሳል፣ ድምፅ ግን የለም። የምትደውልለት ሰው አያነሣም ማለት ነው። የጎረቤቱ ቴሌቪዥን ከግድግዳው ማዶ አላረፈም። በኋላ እንደሰማሁት፣ ባሕሩ ዳር ለቀሩት ሰዎች ሞታችሁ እርግጥ ነው ዓይነት ማስጠንቀቂያ የተነገረው በዚያው ሰሞን ነው። ባለቤቴ ወደ ሥራ ሲወጣ ግንባሬን ሳመኝና በሩ ላይ ትንሽ ቆመ።

«ኦኬ?» አለኝ።

«ኦኬ» አልኩት። ጆሮው ቀልቷል።

ቅዳሜ ማለዳ ነፋሱ እኛ ጋ ደርሶ ነበር። ደርሶ ማለት እንኳን ይከብዳል። ሰማዩ አመድ መስሎ፣ ትንሽ ካፊያ እየጣለ፣ የበረንዳውን ወንበር ገፋ ገፋ ያደርጋል። የባሕር ዳርቻ ከተማ ያፈረሰው ነገር እኛ ዘንድ ሲደርስ ይህችን ታክል ነው። ገና በቅጡ አልነጋም። ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ በራችን ሲንኳኳ ሰማሁ።

በቀስታ ነው የተንኳኳው፤ በጣት ጫፍ።

የእናቴ እግር ወደ በሩ ሲሄድ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። የብዙ ሰው እግር። ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ከዚያ ያን ድምፅ ሰማሁት፤ ጫማ ሲወልቅ፣ አንዱ ከሌላው አጠገብ ሲቀመጥ። «ሻይ ላፍላ» አለች እናቴ። «አይ፣ ተዪው፣ አንፈልግም» አላት አንድ የወንድ ድምፅ።

አባቴ ሞተ አልኩ በልቤ። አልተጠራጠርኩም። ሁለት እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ የእናቴን ጩኸት ጠበቅኩ።

ጩኸቱ አልመጣም።

ቆየሁ። ምንም የለም። የሰው ማጉረምረም ብቻ። እፎይ ልበል አልኩና ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ ከጩኸቱ የባሰ ሆነብኝ። ነፍሰ ጡር ልጇ ግድግዳው ማዶ ተኝታለች። እናቴ እያወቀች እንዴት ትጮኻለች? ጩኸቱ አለመምጣቱ ምንም ማለት አይደለም። አባቴ በሕይወት ካለ አትጮኽም። ከሞተም አትጮኽም። ከዚያ ዝምታ ውስጥ ልለየው የምችለው ነገር አልነበረም።

ግድግዳውን ይዤ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን አራት ሰዎች ሳሎናችን ውስጥ ቆመዋል። ፓስተሩ አሉ። የጸሎት ቡድኑን የሚመሩት እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው አሉ፤ እሳቸው የሚኖሩት ማኪኒ ነው። ከማኪኒ ተነሥቶ ቤድፎርድ ድረስ ጎህ ሳይቀድ ለሰላምታ የሚመጣ ሰው የለም። እናቴ መሃላቸው ቆማለች፣ ቀጥ ብላ፣ እንደ ተማሪ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ።

«ለምን ተነሣሽ ልጄ?» አለች። «እንግዶች ናቸው። እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን ነው የመጡት።»

«አባቴ ሞቷል?» አልኩ። ለማን እንዳልኩት አላውቅም።

«ኧረ ልጄ! በኢየሱስ ስም!» አሉ እትዬ ደረታቸውን ይዘው።

«ማለቴ፣ ሁላችንም ሥራ እንገባለን» አሉ ፓስተሩ፣ ተደናግጠው። «እናትሽ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ከሥራ በፊት አብረን ጸሎት እናድርግ ብለን ነው። ሌላ ምንም ነገር የለም። ምንም አልሰማንም።»

እናቴን አየኋት።

«አባትሽ ደህና ነው» አለችኝ።

ጸለዩ፣ ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። ዛሬ ሳስበው የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። ፓስተሩ ሆስፒታል፣ እትዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ቅዳሜም እሑድም ለነሱ የሥራ ቀን ነው። ሻይ እምቢ ያሉት ስለቸኮሉ ነው። ከፍቅር የመጡ ሰዎች ናቸው። ግን እኛ ሐበሾች ነን፤ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት፣ ጫማ አውልቆ ሻይ ያልፈለገ ሰው «ምንም አልሰማንም» ሲል ማን ያምነዋል? ያ መርዶ ነጋሪዎች መጀመሪያ የሚሉት ነገር ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። ወንበር ላይ መቀመጥ ተወች። «ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይለኛል» ብላ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ለኔ ታበስላለች፣ አጠገቤ ሆና እስክጨርስ ትጠብቃለች፣ እሷ ግን አትቀምስም። ፀጉሯን አልሠራችም። ይህን ሁሉ አያለሁ። ሐዘንተኛ ምን እንደሚመስል አውቃለሁና፣ እናቴ አንድ ነገር ታውቃለች ማለት ነው አልኩ። እሷ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እኔ ወጥቼ «አባቴ ሞቷል?» ስል፣ ልጄ ከባሏ ሰምታ ይሆናል ብላለች። እሷ ከኔ ፊት ላይ፣ እኔ ከሷ ፊት ላይ አነበብን። ማንም ያልተናገረውን ሞት ሁለታችን አጸናነው።

ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ምንም ሳይለን ቴሌቪዥኑን ሰካው። ኬብሉ ለምን ዳነ ብዬ አልጠየቅኩትም። ከሄሊኮፕተር የተነሣ ሥዕል ነበር። የማውቀው የባሕር ግንብ፣ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ የምትቀመጥበት፣ እንጨትና ጀልባ ተከምሮበታል። ሰው ይበላበት የነበረ፣ በምሰሶ ላይ የቆመ ቤት ጠፍቶ ምሰሶው ብቻ ቀርቷል። ሂውስተን ሙሉ በሙሉ ጨለማ ነው ይላል፤ መብራት የለም፣ የስልክ መሥመሩ አይሠራም፣ ቤንዚን የለም። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ታያለች። አንዴ ብቻ «ውሃው ቡናማ ነው» አለች።

ባለቤቴ የአባቴን ቁጥር ይደውላል፣ ይደውላል። ሂውስተን ላሉ ሰዎች ይደውላል። ማንም አያነሣም። ክፉ የሆነው ይህ ነው፤ ከተማው በሞላ ስለማያነሣ፣ የአባቴ አለማንሣት ብቻውን ምንም አይነግረኝም። በግራ ጎኔ ስተኛ ልጁ ይንቀሳቀሳል። አያቱን የማያውቅ ልጅ ልወልድ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አለቀስኩ፤ እናቴ እንዳትሰማኝ ትራሱን ነከስኩ። እሷም ሳሎን ምን እንደምትነክስ አላውቅም።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ተኝቷል፣ እናቴ ዕቃ ታጥባለች፣ ስልኬ ሶፋው ላይ ነበር። መደበቁ ቀርቷል። ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ሄሎ» አልኩ።

ጩኸት የበዛበት መሥመር ነው፤ ከኋላ ሞተር ይጮኻል። «አንቺ ነሽ?» አለ አባቴ። «ስሚ፣ የሰው ስልክ ነው፣ ቶሎ ልንገርሽ። እናትሽ አለች?»

«አባዬ» አልኩ።

እናቴ እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ዞረች። ስልኩን ዘረጋሁላት። እጇን አልጠረገችም፤ እንደዚያው ይዛ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። አባቴ ምን እንዳላት አላውቅም። «እኔ ነኝ» ያላት ይመስለኛል።

ጮኸች።

ያው ጩኸት ነበር። ልጅ ሆኜ ሂውስተን የሰማሁት፣ ለወንድሟ የጮኸችው። ቅዳሜ ማለዳ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጠብቄው ያልመጣው። እንደታመቀ ኖሮ አሁን ወጣ። ስልኩን ጣለችው፣ ደረቷን መታች፣ «ወየው! ወየው ጌታዬ! ወየው ጉዴ!» እያለች ኩሽናው ወለል ላይ ተንበረከከች። ባለቤቴ በባዶ እግሩ ከመኝታ ቤት ሮጦ ወጣ። ጎረቤቱ ግድግዳውን ደበደበ። እኔ ሆዴን ደግፌ እንደምንም ጎንበስ ብዬ ስልኩን ከወለሉ አነሣሁ። መሥመሩ አልተቋረጠም ነበር።

«ማነው?» ይላል አባቴ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም አባዬ።»

«ንገሪኝ። ልጁ ነው? ሕፃኑ ነው?»

«አይደለም። ደህና ነው። ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ስለደስታ ነው።»

እናቴ ከኋላዬ ደረቷን ትመታለች። በስልክ ሲሰማ ደስታ አይመስልም። ከአባቴ በኩል የሚሰማኝ ሞተሩ ብቻ ነው።

«እሺ» አለ። ያን እሺ አውቀዋለሁ። ነገር ሲደበቁት፣ መደበቃቸውን እንዳወቀ ላለማሳየት የሚለው እሺ ነው። ስልኩ ተቋረጠ። መልሰን ብንደውል የሰውየው ስልክ ተዘግቷል።

ስላለፈው ሁሉ የሰማነው ኋላ ነው። ውሃው መንገዱን ሊዘጋው ሲል አባቴ ሽማግሌውን ይዞ ከደሴቱ ወጥቷል። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ግን ጠልቆ ነበርና ሁለቱ አንድ ትምህርት ቤት ኮሪደር ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር አደሩ። ስልኩ ውሃ ገብቶበት ሞተ። ቤታችን ጣራው ተነሥቶ፣ ምንጣፉ ረጥቦ ጠበቀው። ማንም እንዳይጨነቅ በሰው ስልክ ደውሎ፣ ቤንዚን እስኪያገኝና መንገዱ እስኪከፈት እዚያው ሊያርፍ አስቦ ነበር። ከዚያ ስልክ በኋላ ግን አላረፈም። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ቤንዚን ለምኖ፣ ሽማግሌውን ከጎኑ አስቀምጦ፣ የወደቀ ዛፍና የጠፋ የትራፊክ መብራት እያለፈ ወደ ሰሜን ነዳ። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል እንዳልተናገረ ሽማግሌው ነግረውናል። «እኔ ነኝ ያስቸገርኩት» እያሉ።

በማግስቱ ነው የደረሰው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጢሙ አድጓል፤ ሸሚዙ የባሕር ጭቃ ይሸታል። ሽማግሌው ከኋላው ደረጃው ላይ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። አባቴ ግን ፊቴን አላየም። ወለሉን አየ፣ በሩ ሥር፣ ጫማ የሚወልቅበትን። የኔ ነጠላ ጫማ፣ የባለቤቴ የሥራ ቦት፣ የእናቴ ጫማ አለ። ሌላ የለም። ቆጠራቸው፤ ሲቆጥር አየሁት።

«ሰው አልመጣም?» አለኝ።

«ማንም የለም አባዬ። ግባ።»

እናቴ ከኩሽና መጣች። ፀጉሯን ሠርታ ነበር። «ሁላችንም ደህና ነን» አለችው፣ ገና በሩ ላይ እያለ። «ደህና ነን እኮ።»

«ዝም በይ» አላት ቀስ ብሎ።

እጁን ሸሚዙ ላይ ጠረገና ሆዴ ላይ አደረገው። ትኩስ ነበር፣ መሪ ይዞ የቆየ እጅ። ልጁ እስኪራገጥ ድረስ እጁን አላነሣም።